ከገበሩ ሥር የተሰፋው ቁጥር

ይህ ነገር ያጋጠመኝ አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይህን ግን መርፌ በያዝኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

በከተማችን ሴቶች ተሰባስበን የምንሰፋበት ማኅበር አለን። የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሴቶች አሉበት። ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንለምንና እየገጣጠምን ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ብርድ ልብስ፣ ለችግረኛ ተማሪዎች ደግሞ ቦርሳ እንሠራለን። ክፍያ የለውም፤ ለነፍሳችን ነው። ሐሜቱ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ዘሃራ የመጣችብን ከዐረብ አገር በተመለሰች በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኳትም። ብርድ ልብሱን ከሁላችን ጋር እየሳቀች ትሰፋለች፤ ቦርሳው ጋ ስትደርስ ግን ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ነው የምትሠራው። ቦርሳ ሊቀበሉ የሚመጡ ልጃገረዶችንም ለብቻቸው ወደ በሩ ወስዳ የሆነ ነገር ታንሾካሹክላቸዋለች።

በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን ልጃገረዶች በደላላ እየተወሰዱ ነበር። እኔ ደግሞ መቅደስ የምትባል ልጅ አለችኝ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሳካ ብሏት ቤት ከዋለች ጀምሮ ስለ ዐረብ አገር ማውራት አብዝታለች። ታዲያ ዘሃራ ለመቅደስ አንድ ያማረ ቦርሳ ሰፍታ ስትሰጣት ፈራሁ። የምንሰፋው ለችግረኛ ተማሪ ነው፤ ለእኔ ልጅ ምን አስባ ነው አልኩ።

መቅደስ በሌለችበት ቦርሳውን አንስቼ ዳበስኩት። ከታች፣ ከገበሩ ሥር፣ ሻከር ያለ ነገር ነካኝ። ስፌቱን ብፈታው በቀይ ክር የተጠለፈ የስልክ ቁጥር ወጣ።

የደላላ ቁጥር ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ለፖሊስ ስናገር እንዳልሳሳት ብዬ ሽንኩርት ስከትፍም፣ ቤት ስጠርግም እየደጋገምኩ በቃሌ አጠናሁት። በማግስቱ ከምንሰፋበት አዳራሽ ስገባ፣ ሊታደሉ የተደረደሩትን ቦርሳዎች አንድ በአንድ ዳበስኩ። ዘሃራ የሰፋቻቸው ሁሉ ያችው ሻካራ ነገር አለችባቸው።

ሰው ሁሉ ባለበት ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ደወልኩ። የጮኸው የዘሃራ ስልክ ነበር።

የስፌት መኪኖቹ ቀጥ አሉ። ሰብሳቢያችን እትዬ ከድጃ ምን ተፈጠረ ብለው ተነሡ። የአንዱን ቦርሳ ገበር ፈትቼ ቁጥሩን አሳየኋቸውና ይህች ሴት ደላላ ናት አልኩ። ዘሃራ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ መቀሷን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እዚያ በገባሁ ቀን ማዳሟ ስልኬን ወሰደችብኝ። የእናቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ ስልኬ ውስጥ ነበር ያለው። ስመለስ ያሳዩኝ መቃብሯን ነው። እነዚህ ልጆች ብንከለክላቸውም ይሄዳሉ፣ እትዬ ብርቄ። ስልክ ይቀማሉ፤ የጨርቅ ቦርሳ ግን ማንም አይቀማም። ሲጨንቃቸው ለእኔ እንዲደውሉ ነው።»

ለምን ደበቅሽው ታዲያ አልኳት።

«ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናቶቻቸው ብናገር ግን ወላሂ እንዲህ እንደምባል አውቅ ነበር።»

እትዬ ከድጃ ዕንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። እኔ አላለቀስኩም። ደላላ እኮ ደላላ ነኝ ብሎ አይመጣም፤ እናቴ ሞተች ብሎም ሊመጣ ይችላል። ቤት ስገባ ቁጥሩን ቆርጬ ልጥለው መቀስ አነሣሁ። መቅደስ ቦርሳዬን ለምን ነካሽው ብላ ከእጄ ነጠቀችኝና ገበሩን ራሷ መልሳ ሰፋችው። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰበት።

ከጊዜ በኋላ መቅደስ ወግዲ አክስቴ ጋ ሄጄ ልሰንብት አለች። ደስ አለኝ። ከዘሃራ ትርቅልኛለች ብዬ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘኋት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘሃራ እያለከለከች ደጄ ድረስ መጣች። ብትደውልልኝ ስልኬ ዝግ ሆኖባት ኖሯል።

«እትዬ ብርቄ፣ አብሽሩ፤ መቅደስ ደሴ ናት» አለችኝ።

ሻርፗን ጨምድጄ ይዤ ልጄን ለማን ሰጠሻት አልኳት። እጄን ሳታስለቅቅ ስልኳን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። መቅደስ ናት፤ ታለቅሳለች። የወግዲው ነገር ውሸት ነበር። ደላላው ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ቤት አስገብቷት፣ ለእናንተው ደኅንነት ነው ብሎ ስልካቸውን ሰበሰበ። ያኔ ፈራች። ውኃ ልግዛ ብላ ወጥታ አንዲት ባለሱቅ ስልክ እንድታስደውላት ለመነች። የእኔን ቁጥር ግን አታውቀውም። ስልኳ ላይ «እማ» የሚለውን ነክታ ነው ሁልጊዜ የምትደውልልኝ። ገበሩን በጥርሷ ቀደደችው።

«እማ፣ ሌላ ቁጥር አልነበረኝም» አለችኝ።

ዘሃራ በስልኩ ባለሱቋን፣ ልጅቷን ከዓይንሽ እንዳታርቂያት ብላ ለመነቻትና ሁለታችን ባገኘነው ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ ስጠረጥራት ሄድኩ። ይህ ሁሉ የተጠና ነገር ቢሆንስ፣ እኔንም ልትሸጠኝ ቢሆንስ እያልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ማን እንደሚገዛኝ እንጃ። ዳቦ ቆርሳ ስትሰጠኝ እንኳ አስቀድማ እሷ እስክትጎርስ ጠበቅሁ።

ደሴ ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። መቅደስ ከባለሱቋ ኋላ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የተቀደደው ገበር ተንጠልጥሏል። ባለሱቋ ለፖሊስ ነግራ ስለነበር ሌሎቹም ልጆች ከዚያ ቤት ወጥተዋል። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ዞር ብዬ የዘሃራን እጅ ሳምኩ። ኧረ ተዉ ብላ ልትነጥቀኝ ታገለች፤ አልለቀቅኋትም።

ዛሬ መቅደስም አብራን ትሰፋለች። የመሄዱን ሐሳብ ጨርሳ መተዋን እንጃ፤ አንዳንዴ ዝም ስትል ዐይኗን አያለሁ። መጠርጠር ጠባዬ ነው፤ አልተወኝም። ዘሃራን ግን አልጠረጥራትም። ማኅበራችን አሁን በቦርሳው ሁሉ ላይ የየልጅቷን እናት ቁጥር ይጠልፋል፣ ልጆቹም በቃላቸው እንዲይዙት እናስጠናቸዋለን። እኔም የመቅደስን ቁጥር እያጠናሁ ነው፤ መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ሳልሳሳት የምወጣው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ያኔ ዘሃራን ላሳስራት ብዬ ያጠናሁት።