ከሹንጌን ግቢ ምንም አይወጣም

ፌይ ሹንጌን በሰው ቤት ሽንቱን ሸንቶ አያውቅም ነበር። ሠርግም ላይ ሆነ ለቅሶ ሲወጥረው ብድግ ይልና ሆዱን ደግፎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። የእሱ ሽንት ቤት የእሱን ዛፎች ይመግባል፤ ለምን ብሎ የሌላ ሰው ዛፍ ያጥግብ? በመንደራችን ሁሉም እንደዚያ ያስባል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ሌላው ሰው ይተወዋል። ሹንጌን በዝናብም ይሮጣል።

ጎረቤቱ ኒው ባኦቻይ ይህን ስለሚያውቅ፣ ሹንጌን ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር ሻዩን ይደጋግምለታል።

"አያ ሹንጌን፣ አንድ ጨምር። ስለ አማቴ በሬ አልነገርኩህም?"

"ነግረኸኛል።"

"ስለ ቀንዱ ግን አልነገርኩህም።"

ሹንጌን ጉልበቱን ከጉልበቱ አጣብቆ የቀንዱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ከዚያ በኩሬዎቹ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ሲከንፍ ከኩሬው ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። አንድም ቀን መንገድ ላይ አልተሸነፈም።

የሹንጌን ኩሬ የሁላችንም ዓይን ማረፊያ ነበር። ዙሪያውን የሐር ትሎቹ የሚበሉት ዛፍ ተተክሏል። ትሎቹ ቅጠሉን ይበላሉ፤ ኩሳቸው ለዓሦቹ ይጣላል፤ ከዓሦቹ ሥር የተጠራቀመው ጭቃ በብርዱ ወራት ተዝቆ ተመልሶ ዛፎቹ ሥር ይፈሳል። ሁላችንም እንዲሁ እናደርጋለን። ሹንጌን ግን ሩዝ የታጠበበትን ውሃ፣ የተቆረጠ ጥፍሩን፣ የሚስቱን የሱዪንግን የተበጠረ ጸጉር ሳይቀር ወደ ኩሬው ይመልስ ነበር። "ከግቢዬ ምንም አይወጣም" ይላል፣ ሰው ሳይጠይቀው።

ሴት ልጁ ሚንጁአን ከተማ ተምራ ተመልሳለች፤ በስምንተኛው ወር ልትዳር ነው። አንድ ቀን ወደ ኩሬው በሚወርደው ደረጃ ላይ ከእኔ ጋር ጎመን እያጠብን እንዲህ አለችው፦

"አባባ፣ ቅጠሉ የሚሠራው እኮ ከጭቃው ብቻ አይደለም። ከአየርም ነው። የምድጃህ ጭስ፣ ትንፋሽህም ጭምር ቅጠል ይሆናል።"

"የማን ቅጠል?"

"ነፋሱ የወሰደለት ሰው። ዛሬ ወደ ጋሽ ባኦቻይ ነው የሚነፍሰው።"

ሹንጌን ጭሱን ቀና ብሎ አየ። በማግስቱ መሰላል ተበድሮ የጭስ ማውጫውን አፍ ወደ ራሱ ዛፎች አዞረው። ሱዪንግ ወጥ ቤት ውስጥ ለሦስት ቀን አለቀሰች፤ በጭሱ።

"ዝናቡስ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?" አለችው ልጁ ደግሞ። "ግማሹ ከጋሽ ባኦቻይ ኩሬ ተንኖ ይሆናል።"

"እንደዚያ ከሆነ ባኦቻይ ሞኝ ነው።"

ለሠርጉ አሥራ አራት ገበታ ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ ገበታ ላይ ጭንቅላቱ ወደ ትልቁ እንግዳ የዞረ አንድ ሙሉ ዓሣ ይቀርባል። ሹንጌን ዓሣው ሁሉ ከኩሬው እንደሚወጣ ለአማቾቹ ቃል ገብቷል። ኩሬ እያለው ከገበያ ዓሣ የገዛ አባት እኛ ዘንድ ነውሩ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። ስለዚህ በዚያ በጋ ወደ ኩሬው የሚጥለውን እጥፍ አደረገው፤ ውሃው እንደ ጎመን ሾርባ አረንጓዴ ሆነ።

በሰባተኛው ወር፣ ነፋስ የሌለበትና ሙቀቱ አንገት የሚያንቅበት አንድ ማለዳ ወደ ደረጃው ስወርድ፣ ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው አውጥተው አየር ይለምናሉ። መጮኽ አልለመደብኝምና የእነ ሹንጌንን በር በጣቴ አንኳኳሁ። ሁለት ጊዜ።

ሹንጌን ወጥቶ አየና፣ "ርቧቸዋል" አለ። የትሎቹን ኩስ የያዘውን ቅርጫት ሊያነሣ ሄደ።

ሚንጁአን ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠችበት። "ጠግቦ ነው አባባ፣ ውሃው ጠግቦ ነው። የጣልክበት ሁሉ ሲበሰብስ የዓሦቹን አየር ጨረሰባቸው። ግማሹ ወጥቶ አዲስ ውሃ ካልገባ እስከ ምሳ ሰዓት አንድ አይተርፍም።"

ውሃ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ የባኦቻይ ሩዝ ማሳ ብቻ ነው። የወንዙ ውሃ የሚመጣበት ቦይም የባኦቻይ ነው። ባኦቻይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ደርሶ፣ ኩሬውን የሚዘጋውን ሳንቃ ይዞ ቆሟል።

"ላንሣው፣ አያ ሹንጌን?"

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ ሹንጌን፣ እንደማያውቅ።

"ወደ ሩዜ።"

"ሩቡ አይበቃም?"

"ልጅህ ግማሹ ብላለች።"

"ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብናደርገው..."

በዚህ መሃል እንደ ክንድ የወፈረ አንድ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ሹንጌን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አንሣው" አለ።

ከዚያ ሁለቱ በእግር የሚረገጠው የውሃ መዘውር ላይ ጎን ለጎን ወጥተው፣ የወንዙን ውሃ ወደ ኩሬው እየረገጡ አስገቡ። ፀሐይ ወጣች፤ ሁለቱም አልወረዱም።

"ስለ አማቴ በሬ..." አለ ባኦቻይ እያለከለከ።

"ንገረኝ" አለ ሹንጌን።

ሰባት ዓሣ ሞተ፤ ሱዪንግ በጨው አደረቀችው። የቀሩት ከቁርስ በኋላ አየር አግኝተው አንድ በአንድ ወደ ታች ጠለቁ።

በሠርጉ ቀን አሥራ አራቱም ዓሦች ቀረቡ። ግቢው ስላልበቃ አራት ገበታ በባኦቻይ ግቢ ተዘረጋ፤ ሩዙም የባኦቻይ ነበር፣ ከዚያው ማሳ የታጨደ። ሹንጌን እዚያ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ ከሩዙ አንድ ጉርሻ ቀመሰና ረጅም ጊዜ አኘከ።

"ይሄ ኩሬዬ ነው" አለ።

"ብላ፣ ብላ" አለ ባኦቻይ። "መቼም ቤትህ ድረስ ሮጠህ ነው የምትመልሰው።"

ሁሉም ሳቀ። አምስተኛውን ብርጭቆ ከጠጣ በኋላ ሹንጌን ሆዱን ደግፎ ብድግ ሲል፣ ሰው እንደለመደው መንገዱን ለቀቀለት። ከመንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። የራሱን ቤት አየ፣ ጭሱን አየ፣ ሩዝ የታጨደበትን ማሳ አየ። ከዚያ ዞሮ ከባኦቻይ ቤት ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ገባ።

ገበታው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

"ታሞ ይሆን?" አለች ሱዪንግ።

"እንዳትስቁበት" አለ ባኦቻይ ቀስ ብሎ። "ይሳቀቃል።"

ሹንጌን ሲወጣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። በባኦቻይ አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ "ግማሹን ነው" አለውና ሆዱን እንደደገፈ ወደ ቤቱ ሮጠ።