ጋሽ ታደሰ ያስጠፉኝ ጭስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ቻምብሊ፣ አፓርታማዬ በረንዳ ላይ፣ ለኤግዚቢሽን የማቀርበውን ሥዕል እየጨረስኩ ነበር። ድሮ አትላንታ ይገባ የነበረ የእንፋሎት ባቡር ነው የሳልኩት። የጎረቤቴ አባት ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ጣቢያ የሚገባ ባቡር እንዲህ አይጨስም። እኔ ድሬዳዋ ባቡር ስነዳ ነው ያረጀሁት።»

ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ያንን ጭስ ነበር። ግን የሚያውቅ ሰው ተናገረ ብዬ በሰማዩ ቀለም ሸፈንኩት። ባቡሩ ነፍሱ ወጥቶ ቆርቆሮ መሰለ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ከሥራ መጥታ መኪናዋን ፓርክ አደረገችና ሥዕሉን አየች።

«ጭሱስ? ያ የሚያምረው ጭስ የት ሄደ?»

«አባትሽ አረሙኝ። ባቡር ነጂ አልነበሩ?»

«ዳዲ? ኖ! ዳዲ እኮ ፀጉር አስተካካይ ነበር።»