በጥር ያበበው እንሶስላ

ሁለቱ ሴቶች በረንዳችን ላይ ተቀምጠው በአንዲት የላምባ ቆርቆሮ ይከራከራሉ... እኔ አጠገባቸው የተማሪዎች ደብተር አርማለሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሚሴ በአስተማሪነት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ከአስካለ ጋር ከተጋባን ደግሞ ስድስተኛ ወራችን ነበር። አስካለ ደገኛ ናት። ከእናቷ ጓሮ የእንሶስላ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታለች፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበትን ማለቴ ነው። የከሚሴ ፀሐይ መሬት ላይ እንደማያኖርላት ስታውቅ የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በሳስታ፣ አፈርና ፍግ ሞልታ፣ ጥላ ከማይለየው የበረንዳው ጥግ አስቀመጠችው። ክርክሩ አብሮት ምን ይተከል የሚል ነው።

«ጤናዳም አደርግበታለሁ» አለች አስካለ። «እናቴ ደጅ ጎን ለጎን ናቸው።»

«ወላሂ አይስማሙም!» አሉ ጎረቤታችን እመት ፋጡማ። «መሬት ላይ ሌላ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ። እንሶስላ ጥላና ውኃ ይላል፣ ጤናዳም ፀሐይ ይላል። አንዱ ሲጠግብ አንዱ ይበሰብስብሻል።»

«ናናስ?»

«ናና? በዓመቱ ቆርቆሮው የናና ነው የሚሆነው! ሥሩ ለጎረቤት ቦታ አይተውም። ኮሰረት ነው እንጂ። ጥላ ይችላል፣ ለቅቤሽም ይሆንሻል።»

ከደብተሩ ቀና ብዬ «ለአንድ ቆርቆሮ ይህን ያህል ሽምግልና?» አልኩ።

«አንተ ደብተርህን አርም! ለሷ ባል ሲመረጥ የዚህን ግማሽ ያህል ቢታሰብበት ኖሮ አንተን አታገኝም ነበር» አሉኝ።

አስካለ ሳቀች... ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። እነሱ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ወደ እርማቴ ተመለስኩ።

ኮሰረቱ ተተከለ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንሶስላው አበበ፤ ነጭ አበባ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። በጥቅምት አስካለ ደም አሳላትና ደሴ ሐኪም ቤት ተኛች። አውቶቡስ ስትሳፈር «ቆርቆሮዬን አደራ» አለችኝ።

ኅዳር ሳይጋመስ የእንሶስላው ግንድ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ውኃ ጨመርኩለት... ምንም። ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት... ምንም። ታኅሣሥ ላይ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ለምለሙ ኮሰረት ብቻ ነበር። እመት ፋጡማን መጠየቅ አፈርኩ። የሚስቱን አንድ ተክል መጠበቅ ያቃተው መባልን ፈራሁ።

ለገና ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ ወደ ውጭ አወጣኝና ሁለቱም ሳንባዎቿ እንደተጎዱ ነገረኝ። «ለክረምት የምትደርስ አይመስለኝም» አለኝ። ተመልሼ ገብቼ «እየተሻላት ነው ብሏል» አልኳት። ዓይኔን እንዳታየኝ ብርድ ልብሷን አስተካከልኩ።

ጥር ላይ ደብዳቤዋ መጣ። «ቆርቆሮዬ እንዴት ነው?» ይላል።

እውነቱን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ አልቻልኩም። «ሞተ» የሚለውን ቃል ለእሷ የሚጽፍ እጅ አጣሁ። እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እንሶስላሽ አብቧል። ነጩ አበባው በረንዳውን ሞልቶታል።»

በሳምንቱ እመት ፋጡማ እሷን ጠይቀው ሲመለሱ መልሷን ይዘውልኝ መጡ። «በማበቡ ደስ ብሎኛል። አበባውን ማንም እንዳይቀጥፈው» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያ ውሸት እንኳ ደስ አሰኘኋት ብዬ ልቤ ረካ።

መጋቢት ላይ አረፈች።

ኮሰረቱን ማጠጣት አልተውኩም። ከእሷ አደራ የተረፈኝ እሱ ነበር። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ከዘነበ በኋላ፣ ከኮሰረቱ ሥር ጣት የምታህል ቀላ ያለች ቀንበጥ አየሁ። ጫማዬን ሳላጠልቅ እመት ፋጡማ ደጅ ደረስኩ።

«እመት! እንሶስላው... ሞቶ ተነሣ!»

«ሂን ዱኡ ልጄ፣ አይሞትም። በጋውን ሥሩ ተኝቶ ይከርማል፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሣል። ኮሰረቱን ያስተከልኳትስ ለምን ሆነና? ባዶ ነው ብሎ ሰው ቆርቆሮውን እንዳይደፋው፣ አፈሩም እንዳይደርቅ ብዬ አይደል? አጠገብህ እኮ ነው የነገርኳት።»

በጥር የጻፍኩላት ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

«በበጋ እንደሚተኛ... እሷ ታውቅ ነበር?»

«ከእናቷ ጓሮ ያመጣችው ሰው እንዴት ሳታውቅ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ደብዳቤህን እኔ አጠገቧ ቁጭ ባልኩበት ነው ያነበበችው። መጀመሪያ ሳቀች። ‹በጥር አበበ ይለኛል፣ እመት› አለችኝ። ቆይታ ደግሞ... ‹አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ሐኪሙ የነገረው ነገር አለ ማለት ነው› አለች።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? አላህ ያውቃል አልኳት። ወረቀት ያቀብሉኝ ብላ መልሱን ጻፈችና አጠፈችው። ‹አደራ፣ እንዳይነግሩት። አጽናናኋት ብሎ ይረፍ› አለችኝ። ይኸው አደራዋን በላሁ... አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ማስተማሩን ትቼ ዕድሜዬን በጋዜጣ ሥራ ጨረስኩ። ያላየሁትን ዜና የጻፍኩት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንባቢዬም እርማት ይውጣልኝ አላለችም።