ጳጉሜን የረሳሁበት ፈተና

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ መሳሳት አልወድም። ተማሪ ሲሳሳት እታገሣለሁ፣ እኔ ስሳሳት ግን ቀኑን ሙሉ ያንገበግበኛል።

ካራ አካባቢ ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር ለፈተና ያወጣሁት ጥያቄ ቀላል ነበር። አንድ ሠራተኛ በዓመት አንድ ወር ቢያርፍ ከዓመቱ ምን ያህሉን ሠራ? በክፍልፋይ ግለጹ። የእኔ መልስ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ልጅ ግን አሥራ ሁለት አሥራ ሦስተኛ ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግሁባት። ወረቀቱን ስመልስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አይደል እንዴ?»

«ጳጉሜ አትቆጠርም» አልኳት።

«በጳጉሜ እኮ ከእማዬ ጋር እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል እንጠመቃለን። ዓመቱ ውስጥ ካልሆንን የት ነበርን?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ በማግስቱም ቀና አላለችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህችን ልጅ ከሒሳብ አፋታኋት ብዬ ፈራሁ።

ጥያቄዋ ግን አልለቅ አለኝ። በዚያ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ በአንድ ወረቀት ጀርባ ማስላት ጀመርኩ። ዓመት 365 ቀን ነው፤ የዕረፍቱ ሠላሳ ቀን ሲቀነስ 335። 335/365ን ለአምስት አካፍዬ ሳቃልለው 67/73 ሆነ፤ በመቶኛ 91.8 ገደማ። የእሷ 92.3፣ የእኔ 91.7። ሁለታችንም ስተናል! እሷ የአምስት ቀኗን ጳጉሜ እንደ ሙሉ ወር ቆጠረቻት፣ እኔ ጭራሽ ጣልኳት። ስንት ዓመት ሳስተምር ጳጉሜ የት ገባች ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ ስገረም «ወራጅ» ማለቱን ረስቼ ሰፈሬን አለፍኩት።

በነጋታው ሁለቱን መልሶች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና በሁለቱም ላይ ኤክስ አደረግሁ።

«ይሄኛው የእኔ ነው» አልኳቸው። «መሳቄ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስህተት ነው። ይቅርታ።» ይህን ስል እሷን እሷን እያየሁ ነበር።

ከዚያ ትክክለኛውን ስሌት በወር ሳይሆን በቀን ቆጥሬ ሠራሁላቸው። ልጅቷ ሰሌዳውን ትኩር ብላ ስታይ ቆየች።

«ቲቸር፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆንስ?»

«እኔንጃ፣ አላሰላሁትም» አልኩ። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ተነሥታ መጣችና ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችኝ። 366 ብላ ጻፈች። እኔ ጥግ ይዤ ጠበቅኋት።