ሳንቀዳው የቀረ ቃል፦ እትዬ ሐዋ ይመርን ስናስታውስ

እትዬ ሐዋ ይመር ባረፉበት ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ልጃቸው ፋጡማ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሁሴን ይመር ከግራና ከተማ ማልደው መጥተው በራስጌ በኩል ቁርኣን ይቀሩ ነበር። በትምህርት ቤቱ አማርኛ የሚያስተምሩት የብዙ ዘመን ባልደረባቸው መምህር ደሳለኝ ጫማቸውን አውልቀው በሩ ሥር ቆመው ነበር። ሰዓዳ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ወልድያ ኮሌጅ የምትማረው፣ በግርጌ በኩል ነበረች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። አቶ ሁሴን መጽሐፉን ዘግተው «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ፋጡማ እጃቸውን አልለቀቀችም።

ይህን እንድጽፍ ያዘዙኝ አቶ ሁሴን ናቸው። ከቀብር መልስ «አንተ ነገር አትጨምርም፣ አትቀንስም። አንተ ጻፈው» አሉኝ። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ከሰው የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁ እየተናገርሁ እጽፋለሁ። እትዬ ሐዋም ቢሆኑ ከዚህ ሌላ አይፈቅዱልኝም ነበር።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ሐዋ መርሳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። መጽሐፍ ማዋስና መጠበቅ ሥራቸው ነበር ቢባል ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እየወሰዱ የቤተ መጻሕፍትና የጥናት ቃላትን ያስተምሩ ነበር። ማውጫ ምንድን ነው? ምንጭ፣ ጥቅስ፣ ዋቢ፣ ማጠቃለያ ምን ማለት ነው? ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት አያነቡም ነበር። ከመርሳና ከሐብሩ ወረዳ ኑሮ አውጥተው፣ ገበሬውም ነጋዴውም በሚገባው ቋንቋ ይናገሩታል። ይህን ግን አንድ ቀንም በወረቀት አላሰፈሩትም። እኛም አላሰፈርነውም። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሽርፍራፊው ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች የምንሰጠውም እሱን ነው።

እኔ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኜ አላውቅም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ጥገናውን ከተበላሸ ሬዲዮ ተማርሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በገበያ ቀን ለውጭ ሰውም እንደሚከፈት ሰምቼ ሄድሁና ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ መጽሐፍ ጠየቅኋቸው። ስለ ኤሌክትሪክ ምኑን አሉኝ። ሁሉንም አልኋቸው።

«ሁሉንም የሚፈልግ ሰው ከገበያ ባዶ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ያስቸገረህ ምንድን ነው?»

አልሞላ ስላለኝ ባትሪ ነገርኋቸው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወጡና ከመስጠታቸው በፊት ፊተኛውንና ኋለኛውን ገጽ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። «ፊት ያለው ማውጫ መናኸሪያ ነው፤ ይህ የደሴ፣ ያ የወልድያ ብሎ መኪናህን ያሳይሃል። ኋላ ያለው የቃላት ጠቋሚ ግን የሰፈር ልጅ ነው። ስም ከጠራህለት እጅህን ይዞ በሩ ድረስ ያደርስሃል።» ባትሪን በጠቋሚው ፈልጌ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መጽሐፍ የምከፍተው ከኋላ ነው። መምህር ደሳለኝ ይህን ሲያዩ፣ ይኼ ልጅ ልብ ወለድ ሲያነብ ማን እንደሚሞት አስቀድሞ ነው የሚያውቀው እያሉ ይቀልዱብኛል።

ስለ «ምንጭ» ያስተማሩበት ቀን እኔ አልነበርሁም። የሰማሁት በክፍሉ ከነበሩት ከሰዓዳና ከመምህር ደሳለኝ ነው። ሰዓዳ ከግራና የመጣች ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ተማሪዎቹ ስለ ቀያችሁ አጭር ጥናት ጻፉ፣ መጨረሻው ላይ የመረጃ ምንጫችሁን አስፍሩ ተብለው ነበር። ሰዓዳ ጥናቷን አሳምራ ጻፈችና ከሥሩ እንዲህ አለች፦ «የመረጃ ምንጭ፦ ከቤታችን በታች ያለው ምንጭ። በበጋም አይደርቅም።» ጮክ ብሎ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ልጅ «የምንጯ ልጅ» ብሎ ስም አወጣላት።

እትዬ ሐዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ስም ያወጣውን ልጅ አስነስተው ጠዋት የጠጣው ውሃ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከቤት አለ። ቤት ውሃ ያፈልቃል ወይ አሉት። ከጀሪካን አለ። ጀሪካኑስ? ከቦኖ። ቦኖውስ?

«ሰዓዳ የምትጠጣው ከየት እንደሚፈልቅ ታውቃለች። አንተ ቦኖው ላይ ቀረህ። መረጃም እንደዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ወሬ የሆነ ቦታ ይፈልቃል። እስከዚያ ድረስ ሄዶ ማየት ነው ጥናት የሚባለው።» ሰዓዳ እንደምትለው፣ ስሙ ከዚያ በኋላም አልለቀቃትም፤ ግን ሲጠሯት ማፈሯ ቀረ።

በዚያው ዓመት የሰዓዳ አባት ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስወጧት መጡ። መርሳ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መቀመጧ አላስተኛቸውም ነበር። እትዬ ሐዋ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው አስቀመጧቸው። ይህንን ያየሁት እኔ ነኝ፤ በዚያን ቀን መጽሐፍ ልመልስ ሄጄ ነበር። አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። «እትዬ፣ በአላህ፣ አንቱ ስንቱን ልጅ ሊያዩ ነው? የኔዋን ብቻ አይደለም መቼም።»

«ሁሉንም አያለሁ አላልሁም። ለእሷ ግን ዋቢ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆን መጥተው የሚጠይቁት እኔን ነው፤ ቤቴንም ያውቁታል።»

አባትየው፣ ዋቢ ካሉማ ምን እላለሁ ብለው ተነሡ። ሰዓዳ ቀረች። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እትዬ ሐዋ ዋቢ መጽሐፍ የሚለውን ቃል ሲያስተምሩ ስሟን ሳይጠሩ «ዋቢ ማለት የተናገርኸው ቢጠየቅ ቆሞ የሚመልስልህ ነው። መልስ የማይሰጥልህን መጽሐፍ ዋቢ ብለህ አትጥራ» አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰዓዳና መምህር ደሳለኝ ለየብቻ ነግረውኝ ቃል በቃል ገጥሟል።

የሰሜኑ ጦርነት ሲያልፍ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ነበር። እትዬ ሐዋ በሩን ከፍተው ወለሉን ጠርገው ተቀመጡ። ሰው እያደር መጽሐፍ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ በፌስታል፣ በነጠላ ጠቅልሎ፣ አንዳንዱ ሽፋኑ የተገነጠለ። አንድ ገበሬ ከጤፍ ጎታ ውስጥ ያወጡትን የባዮሎጂ መጽሐፍ አምጥተው፣ እንዳይቃጠል ብዬ እንጂ ልሰርቅ አልነበረም እያሉ ሲምሉ ሰምቻለሁ። እትዬ ሐዋ መሐላውን አስቆሟቸው። «ማን ወሰደ አልልም። ማን መለሰ ነው የምለው። እርስዎ ጋ የቆየው በውሰት ነው» አሏቸው። ገበሬው ውሰት መሆኑን ካወቁ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ተውሰው ሄዱ። ለልጃቸው ነበር።

ዘንድሮ ታመው ወልድያ ለሕክምና መመላለስ ሲጀምሩ፣ የሚሏቸው ነገሮች እንዳይጠፉ ፈራሁ። ስልኬን ይዤ ቤታቸው ሄድሁና የቃላቱን ፍቺ እንዲነግሩኝና ድምፃቸውን እንድቀዳ ለመንኋቸው። ሣቅ አሉ። «ለስልክ አላስተምርም። ስልክ አልገባኝም ብሎ እጁን አያወጣም። ተማሪዎቹን አምጣልኝና እነሱን ሳስተምር ቅዳ።» ተማሪዎቹ ግን ፈተና ላይ ነበሩ። መምህር ደሳለኝ ፈተናው ይለፍ አሉ። ፋጡማም እናቴ ትንሽ ትበርታ አለች። እኔም ተስማማሁ። ራሳቸው እንኳ «ልጆቹን አታባክኗቸው፤ እኔ የትም አልሄድም» ነበር ያሉት። ፈተናው ሳያልቅ አረፉ። ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ ያልነው ሁሉ ልክ ነበር። ቁጭቱም ከዚህ ነው የሚመጣው።

በሰደቃው ዕለት አምስታችንም እዚያው ቤት ተሰብስበን የምናስታውሰውን በአንድ ወረቀት ላይ ለማስፈር ሞከርን፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ። ገና ከ«ምንጭ» ሳናልፍ ተከራከርን። መምህር ደሳለኝ እትዬ ሐዋ ያሉት «ከምንጭ መጠጣት የሚችል ከጀሪካን አይጠጣም» ነው አሉ። ሰዓዳ እንዲህ አላሉም አለች። ያሉት፣ «ከጀሪካን መጠጣት ነውር አይደለም፤ ከጀሪካን ጠጥቶ ከምንጭ ጠጣሁ ማለት ነው ነውሩ» ነው።

«አንቺ ያኔ እያለቀስሽ ነበር» አሏት መምህር።

«እያለቀስሁ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አላለቀሰም፣ ጋሼ።»

አቶ ሁሴን ሐዘን ቤት መሆኑን ረስተው ሣቁ። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ጥቂት መጽሐፍ ባለበት ቤት የሚማር ልጅ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ጠቅሶ መሥራት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም? እንደ መምህሩ ከሆነ በሩ ይጠብባል፤ እንደ ሰዓዳ ከሆነ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ ይከፈትለታል። እኔ ወደ ሰዓዳ አደላለሁ፤ ሆኖም አልነበርሁምና ፍርድ አልሰጥም። ሁለቱንም ጽፈን፣ በየሥራቸው ማን እንደሰማ አስፍረናል።

«ማጠቃለያ» ላይ ስንደርስ ፍቺውን የሰማ ከመካከላችን አልተገኘም። እትዬ ሐዋ ይህን ቃል የሚያስተምሩት ሁልጊዜ በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ ከፈተና በኋላ ነበር። ልጆች ቀድመው ሲጠይቋቸው «መጀመሪያ ሥራው ይሠራ» ይሉ ነበር። በሰዓዳ ዓመት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሳይታሰብ ተዘጋ። መምህር ደሳለኝ በዚያ ሳምንት ሁልጊዜ ፈተና በማረም ላይ ናቸው። ፋጡማ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። ወረቀቱ ላይ ቃሉ ተጽፏል፤ ትይዩው ባዶ ነው።

ስለዚህ በሌሎቹ ዓመታት፣ በዚያ የመጨረሻ ሳምንት፣ በዚያ ክፍል የተቀመጣችሁ ሁሉ፤ መርሳም ሁኑ፣ ሐራ ከተማም፣ ወልድያም፣ ባሕር ማዶም፤ እትዬ ሐዋ ስለ ማጠቃለያ ምን እንዳሉ ንገሩን። ስለ ምንጭ የሰማችሁትንም ጨምሩልን፤ የጻፍሁት ስሕተት ካለበት አርሙኝ። ግማሽ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን እንቀበላለን። ራሳችሁ ከአፋቸው ሰምታችሁ ከሆነ ሰማሁ በሉ፤ ሰው ነግሯችሁ ከሆነም የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ።

እትዬ ሐዋ፣ ፈተናው አልፏል። በማግሥቱ፣ ማጠቃለያን በሚያስተምሩበት በእርስዎ ክፍለ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ማንም ሳይጠራቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። ማረፍዎን ያውቃሉ፤ ከቀብርዎ ላይ አፈር የመለሱም ነበሩባቸው። በየቦታቸው ተቀመጡ፣ ደብተራቸውን አወጡ። ፊት ለፊት ማንም አልቆመም። መምህር ደሳለኝ በመስኮት አይተው ሊገቡ ብለው ተመለሱ። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ አንድም ልጅ አልተናገረም፣ ደወሉ እስኪደወልም አንድም ልጅ አልተነሣም። ይህን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው የጻፍሁልዎ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ያብራልዎ። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።