የጋሼን ከተማ በእጅ ስናጸዳ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ከምኖርበት ወለል ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ቆም ብለው፣ «እንደምን ዋልሽ ልጄ?» ይሉኛል። አማርኛቸው የድሮ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። እዚህ ያደግን ልጆች ሦስት ቋንቋ እያደባለቅን ስናወራ ለለመደ ጆሮ እሳቸውን መስማት ዕረፍት ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አላውቃቸውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ላፕቶፓቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ትሪ ይዘው ቆመዋል።

«ዘበኛው ፉንዲ መሆንሽን ነገረኝ» አሉ፤ በስዋሂሊ ጠጋኝ ማለት ነው። እውነት ነው፤ መሃል ከተማ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ።

«ምን ሆነብዎት ጋሼ?»

«ድልድዩ ጋ ስደርስ ይዘጋብኛል።»

በሞምባሳ መንገድ ያለውን መሸጋገሪያ የሚሉ መስሎኝ፣ «የቱ ድልድይ?» አልኳቸው።

«የእኔ ድልድይ» አሉ፣ ትንሽ እያፈሩ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሲከፍቱት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔ ራሴ ለዓመታት የተጫወትኩት ጌም ነው፤ ሰይፍና ጋሻ የያዙ ሰዎች በበረዷማ ተራሮች መሃል የሚንከራተቱበት ሰፊ አገር። ጋሼ ግን በዚያ አገር ደቡባዊ ጫፍ ላይ የቆላ ከተማ ሠርተዋል። ዓምድ ያላቸው ነጫጭ በረንዳዎች፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው የባቡር ጣቢያ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የተዘረጋ ገበያ። ሰይፍ የያዘ ሰው አንድም የለም። የተወለዱባት ከተማ ነበረች። ልጅ ሳሉ እንደነበረችው አድርገው፣ ቪዲዮ እያዩ፣ እንግሊዝኛው ሲያስቸግራቸው እያቆሙና እየመለሱ፣ በአራት ዓመት ነው የሠሯት።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንድፍ ሠሪ ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት እዚያ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ ልኩን የጠበቀ፣ ውሃ መውረጃው እንኳ ያልተረሳ ነበር።

«ታላቅ እህቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልትጠይቀኝ ትመጣለች» አሉኝ። «ይህን ቦታ ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ እሷ ብቻ ቀርታለች። ድልድዩን ሳትሻገር ቤታችን አትደርስም።»

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ተጫዋቾች ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ሞድ ይባላል፤ ሞዱ የሚቀመጠው ደግሞ ፕለጊን በሚሉት ፋይል ውስጥ ነው። ፕለጊን ማለት ለጌሙ «ይህን ጨምር፣ ያንን ለውጥ» የሚል ረጅም የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ችግሩ፣ ሞድ የሚሠራ ሰው ሳያስበው የነካካው ሁሉ አብሮ ይጻፋል። አንድ ድንጋይ ነክተህ እንደነበረ ብትተወው እንኳ ድንጋዩ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። እኛ ይህን ቆሻሻ እንለዋለን። ሌላ ሰው በሠራው ሞድ ላይ ሲወጣበት ነገር ያበላሻል፤ አንዳንዴም ጌሙን ይዘጋዋል። ደግነቱ የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል።

ያኔ ሞደሮች፣ ማለትም ሞድ የሚሠሩ ሰዎች፣ በሚሰባሰቡበት አንድ የኢንተርኔት ፎረም ላይ ብዙ እጽፍ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ጀማሪ፣ «ፕሮግራሙ ካጸዳ በኋላ ፋይሉን በእጅ ማየት ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ አያስፈልግም፣ ጊዜህን አታባክን። ይህን ያህል ያለማመንታት የምመልሰው ጥያቄ አልነበረኝም።

የጋሼንም ፋይል ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

«ይግቡና ይዩት» አልኳቸው።

ገቡ። በረንዳዎቹ፣ ጣቢያው፣ የገበያው አሸዋ፣ ሁሉም በበረዶ ተሸፍኗል። ሰማዩ አመድ መስሏል። ሐብሐብ የምትሸጥ አንዲት ሴት በረዶ ላይ ቆማለች። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ ሳይታወቃቸው የሹራባቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ልጄ» አሉ፣ «እዚህ አገር በረዶ ወርዶ አያውቅም።»

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጋሼ ተራሮቹ ላይ በረዶው በርከት እንዲል የሚያደርግ፣ ሌላ ሰው የሠራው ሞድ ጭነዋል። ያ ሞድ ከተማቸውንም በበረዶ ሸፈናት። ስለዚህ የጌሙን የመጀመሪያ የአየር ጠባይ፣ ፀሐዩንና ብርሃኑን፣ እንዳለ ገልብጠው ፋይላቸው ውስጥ አስገቡ። በረዶውን የሚሽረው እሱ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነገር አየ፣ ቆሻሻ ነው አለ፣ ጠረገው። በጥንቃቄ ያመጡትን ፀሐይ ነው የጣልኩባቸው።

ፕሮግራሙ የቀድሞውን ፋይል ቅጂ ስለሚያስቀምጥ ወዲያው መለስኩላቸው። ፀሐዩ ተመለሰ። እኔ ግን ፊቴ እንደጋለ ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«መጠየቁ ጥሩ ነው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አሁን መስመር በመስመር እንየው።»

«ከስድስት መቶ በላይ መስመር እኮ ነው!»

«እኔ የተራራ መንገድ በእርሳስ ስነድፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስድስት መቶ አያስደነግጠኝም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ወረድኩ። ባለ ካሬ መስመር ደብተር አውጥተው ነበር። የሠሩትን እያንዳንዱን ቤት፣ ግማሹን በትግርኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ከነልኩ ጽፈውበታል። እኔ ከስክሪኑ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ደብተሩን ይከተላሉ።

«የእንጨት በርሜል፣ ከጣቢያው በስተጀርባ።»

«የእኔ ነው። ይቆይ።»

«አንድ የጥድ ዛፍ፣ ከሰሜኑ ተራራ ሥር።»

«እዚያ ምን ልሠራ ሄድኩ? አላውቀውም። ይውጣ።»

እንዲህ እያልን ቀጠልን። መጀመሪያ ላይ በየአሥር መስመሩ ሰዓቴን አይ ነበር። ቆይቶ ግን ማየቱን ረሳሁ። አንዳንዱ መስመር ወሬ ያስጀምራቸዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ዓይና እንደነበረና ሕፃናት ሁሉ ጆሯችንን ይቆርጠናል ብለው እንደሚፈሩት፣ ባቡሩ ሲመጣ ፍየሎቹ ከሐዲዱ አንነሳም ብለው ሹፌሩን ስድብ እንደሚያናግሩት። ሁለቱ አገሮቻችን፣ የእኔ ኢትዮጵያና የእሳቸው ኤርትራ፣ ስለተደራረጉት ነገር አንድም ቀን አላነሳንም። ሥራ ነበረን። አንድ ጊዜ ብቻ ከደብተሩ ቀና ብለው፣ «አማርኛዬ እንዳይዝግ ብዙ ዓመት ብቻዬን አወራው ነበር» አሉኝ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ እንግዳ ነገር አገኘን። ከከተማቸው በጣም ርቆ ያለ የአንድ ምሽግ በር ቦታው ተለውጧል። ሄደን ስናየው በሩ ከግንቡ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጀማሪ ሳሉ በስሕተት ጎትተውት ነው። ፕሮግራሙ አልነካውም፤ በእርግጥ የተለወጠ ነገር ስለሆነ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎታል።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የሰው በር ሰማይ ላይ ሰቅዬ አራት ዓመት ሙሉ ተኝቼ አድሬያለሁ!»

እኔም ስቄ አላባራሁም። ግን ልቤ ውስጥ ያ ያለማመንታት የምሰጠው መልስ ተሰነጠቀ። ሆን ብሎ የተደረገውን ከስሕተት የሚለየው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ድልድዩ ግን አሁንም ይዘጋል። በዚያው ቀን ወደ ማምሻው ላይ የፕሮግራሙን ሪፖርት እስከ መጨረሻው ወርጄ አነበብኩት። ለስንት ዓመት ስጠቀምበት እስከ ታች ወርጄ አላውቅም። እዚያ አንድ መስመር እንዲህ ይላል፤ አንድ የመሄጃ ካርታ ተሰርዟል፣ ይህን እኔ ላስተካክለው አልችልም፣ በእጅ ይታይ።

የመሄጃ ካርታ የሚባለው መሬቱ ላይ የተነጠፈ የማይታይ ሥዕል ነው፤ በጌሙ ውስጥ ያሉ ሰዎች እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ የሚያውቁት በእሱ ነው። ጋሼ ድልድዩን ሲሠሩ የቦታውን አሮጌ ካርታ ሰርዘው አዲስ ሥለዋል። ጌሙ ግን አሮጌውን በቁጥሩ ይፈልገዋል፤ ሲያጣው ይዘጋል። መፍትሔው አዲሱ ካርታ የአሮጌውን ቁጥር እንዲወርስ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም፤ ሰዎቹ ድልድዩ መሃል ሲደርሱ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የካርታውን አንድ ጠርዝ ሳላገናኝ ቀርቼ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አገናኘሁት።

ጋሼ ወንበራቸውን አስጠግተው ጠበቁ። አንድ ገበሬ በቅሎውን እየነዳ መጣ፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆም አለ፣ ከዚያ ተሻገረ። ጌሙ አልተዘጋም። ጋሼ እጄን ያዙና ጠበቅ አደረጉት።

በማግሥቱ ፎረሙ ላይ ያ ጥያቄ እንደገና ተነሥቶ አገኘሁት። «አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ይበቃል» ብዬ ጻፍኩ። «ግን ሪፖርቱን እስከ ታች አንብበው። የሌላ ሰው ፋይል ከሆነ ደግሞ ከማጽዳትህ በፊት ባለቤቱን ጠይቀው።» አንዱ፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው በስምሽ እየጻፈ ነው ብሎ ቀለደብኝ።

እህታቸው መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ናቸው። አማርኛ ጥቂት ብቻ ስለሚችሉ ጋሼ ያስተረጉሙልን ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስክሪኑ ፊት አስቀመጧቸው። የጋሼ ልጅም ከምትኖርበት ሰፈር፣ ከሩንዳ፣ ምግብ ይዛ መጥታለች። ናይሮቢ የተወለደች ናት፤ አባቷ በዚህ ዕድሜያቸው ጌም መጫወታቸው ሁልጊዜ ያሳስባት ነበር። ሳህኖቹን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

እህትየው ጣቢያውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ገበያውን አለፉ። ድልድዩን ተሻገሩ። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ድንገት በትግርኛ ኮስተር ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ዳቦ ቤቱን የተሳሳተ ቦታ ነው ያደረግኸው ትላለች» አሉ ጋሼ፣ ቅር ብሏቸው። «ከጣቢያው ጎን ነበር! አስታውሳለሁ!»

እህትየው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አሳዩን። ልጅ ሳሉ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ሲከፍት ያገኛቸው እሳት ነው፤ ያኔም እየሮጡ የገቡት ከመስጊዱ አጥር ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከጣቢያው ጎን ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ሮጠው አይደርሱም፤ ከመስጊዱ አጠገብ ነበር ማለት ነው። ጋሼ ጠባሳውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እጃቸውን ሰጡ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰዎች እንደ ሕፃን ሲከራከሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

«ዌይት፣ ዌይት» አለች ልጃቸው ከበሩ። ሳህኖቹን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። «ዳዲ፣ ይሄ እውነተኛ ቦታ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጌም ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ ከስክሪኑ ፊት ፈቀቅ አሉላት። ምግቡ ቀዘቀዘ። እሷ ግን ቀስ ብላ በአባቷ ትከሻ በኩል ጎንበስ አለች፣ ማውሱንም ከእጃቸው ወሰደች።

«ትምህርት ቤትህ የታለ?»

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለ ባዶ ሜዳ በጣታቸው አሳዩዋት። «እዚህ ነበር። ገና አልሠራሁትም።»

«ስንት ክፍል ነበረው?» አለች፣ ወንበር እየሳበች።