የክፍል አሥራ አራት ፓምፕ

አብዱልወዱድ ብሬከሩን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ላይ አነሳው። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ የተቀመጠበትን የእንጨት ሳጥን ይዞ አንድ ስንዝር ተጓዘ። ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ። ሮቶው ሥር ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት የሰባተኛ ክፍል ልጆች አጨበጨቡ።

«ምን ያስጨበጭባል?» አለ አብዱልወዱድ።

«ተንቀሳቀሰ እኮ፣ ኣያ» አለ አንዱ።

«ውሃ ነው መንቀሳቀስ ያለበት።»

ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሱፐርቫይዘሯ በስድስት ሰዓት ይመጣሉ። ርእሰ መምህሩ አቶ ስብሓት ነገሩን ከወር በፊት አሳጥረው ተናግረውታል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የተቃጠለውን የትምህርት ቤቱን ፓምፕ ጠምጥመው ሱፐርቫይዘሯ ፊት ውሃ ካወጡ፣ የተግባር ትምህርቱ ክፍል 14ን ይዞ ይቀጥላል። ካላወጡ ክፍሉ ለተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ይሆናል። ወንበሮቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው እየጠበቁ ነበር።

አብዱልወዱድ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሥራው የተቃጠለ ሞተር መጠምጠም ነው። ከወሎ፣ ከሐይቅ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጭነት ሊሸከም ወደ መቀሌ መጣ። ወገቡ ሸክሙን አልቻለም። በአንድ ሽማግሌ ሞተር ጠምጣሚ ሱቅ በራፍ ተቀምጦ ሲያርፍ ሽማግሌው ሽቦ ያዝልኝ አሉት። ያዘላቸው። አሁን ከመቀሌ ዳር፣ ቁሓ ውስጥ የራሱ ሱቅ አለው። አዲስ ሽቦ ወደ ከተማው በማይገባባቸው ዓመታት የአንዱን ሞተር ሽቦ ፈትቶ ለሌላው እየጠመጠመ የወፍጮ ቤቶችን አቆይቷል። ትምህርት ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው።

ትምህርት ቤቱን የተዋወቀው በፊዚክስ መምህርቷ በኣረጋሽ በኩል ነው። ቤተ ሙከራው በጦርነቱ ጊዜ ባዶ ቀርቷል፤ የቀረው በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ኣረጋሽ ስለ ጥቅል ሽቦ በሰሌዳ ላይ እየሳለች ታስተምር ነበር። በፈተና ላይ አንድ ተማሪ ሥዕሉን ፍጹም አድርጎ ሣለላት። ከሳምንት በኋላ እውነተኛ ጥቅል ሽቦ እጁ ላይ ስታስቀምጥለት «ይሄ ምንድነው?» አላት። በዚያው ቀን ከሰዓት አብዱልወዱድ ሱቅ ሄደች።

«ይሄን ለልጆች ማሳየት ትችላለህ?»

«ሽቦ ሲቆርጡ ጣት ይቆርጣሉ።»

«ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«መምህርት፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።»

«እነሱ ዘጠነኛ ናቸው። ያግዙሃል።»

ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሄድ ተስማማ። በሦስተኛው ሳምንት ለትምህርት ቤቱ ብቻ የሚለብሰው ኮት ነበረው። ሚስቱ ሀፊሳ «ለኒካሓችን ያልለበስከውን ኮት ለሽቦ ለበስከው» አለችው። የተግባር ትምህርቱ ከቆመ ወደ ክፍል ለመግባት ሌላ ምክንያት እንደማይኖረው ያውቃል። ይህን ግን አልነገራትም።

ሲያስተምር በትግርኛ ነው፤ ሲናደድ በአማርኛ። ልጆቹ ይህን ስላወቁ አማርኛ ሲሰሙ እጃቸውን ከዕቃ ላይ ያነሳሉ።

ፓምፑ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። አሮጌውን ጥምጥም ከመጣሉ በፊት ቆጠሩት። በእያንዳንዱ ፌዝ አራት ጥቅል አለ፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ሥልሳ ስድስት ዙር። ተማሪዎቹን በሦስት ቡድን ከፈለ፤ ለአንድ ቡድን አንድ ፌዝ።

የመጠምጠሚያ ማሽኑ ቆጣሪ ከተበላሸ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በአፍ መቁጠር ደግሞ መቀሌ ውስጥ አይሠራም። አርባ ላይ ስትደርስ ሰው በራፍ ላይ ቆሞ ሰላምታ ይጀምራል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ ደሓን። ሰላምታው ሲያልቅ ቁጥሩም የለም። ስለዚህ አብዱልወዱድ የሚቆጥረው በሙስበሓ ነው፤ ከሶላት በኋላ በሚይዘው በዚያው መቁጠሪያ። ለአንድ ዙር ሽቦ አንድ ፍሬ ይገፋል። ፍሬው ሠላሳ ሦስት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሥልሳ ስድስት ይሆናል። ሰላምታም አይቋረጥም፣ ሥራም አይቋረጥም።

ልጆቹንም እንዲሁ አስተማራቸው። አንዱ ሽቦውን በእንጨት ቅርጹ ላይ ያዞራል፣ ሌላው ፍሬ ይገፋል፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቁም ይላል። ለመጀመሪያው ቡድን የራሱን ሙስበሓ ሰጠ፣ ለሁለተኛው የሀፊሳን። ለሦስተኛው አልነበረውም።

«እኛ ቤት አለ» አለች የሦስተኛው ቡድን መሪ ዳናይት። ዳናይት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ዓመታት ባይኖሩ ዘጠነኛ ክፍልን ድሮ ታልፈው ነበር። በማግስቱ የአክስቷን መቁጠሪያ አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች። ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል አለው። አብዱልወዱድ አየው። ጥሩ ነው አለ።

የሦስተኛው ቡድን ጥቅል ወደ ሞተሩ ቦይ አልገባም ብሎ አስቸገረ። አብዱልወዱድ «እጅሽ ላልቷል፣ ጓለይ። አጥብቂ» አላት። አጥብቃ በቀርከሃ እየጠቀጠቀች አስገባችው። መጨረሻ ላይ ሽቦ አነሰ። አብዱልወዱድ ሽቦ ሻጩን ሓፍቶምን ሚዛንህ ያጭበረብራል ብሎ በስልክ ሰደበውና ከሱቁ ትርፍራፊ አምጥቶ ጨመረ።

እና ሐሙስ ፓምፑ በሳጥኑ ላይ ተጓዘ።

ቴስተሩን አውጥቶ ሦስቱን ፌዝ ለካ። ሁለቱ እኩል ናቸው። ሦስተኛው በልጧል።

«ሦስተኛው የማን ነው?»

«የኛ» አለች ዳናይት።

«ስንት ዙር አዞርሽ?»

«ሁለት። ራስህ ሁለት አላልክም?»

«የምን ሁለት?»

መቁጠሪያውን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። አብዱልወዱድ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ጨረሰ፤ ደግሞ ቆጠረ። ኣረጋሽ በሩ አጠገብ ቆማ ታየው ነበር።

«አትድከም» አለችው። «አርባ አንድ ናቸው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከአራት ዓመቴ ጀምሮ።» ከኮሪደሩ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ሦስት እግር ስለነበረው እንደገና ተነሳች። «እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

አብዱልወዱድ መቀሌ ሃያ አራት ዓመት ኖሯል። ይህን መቁጠሪያ በሺህ አንገት ላይ አይቶታል። የፍሬውን ቁጥር ግን ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

አራቱን ጥቅሎች ቆርጦ፣ እንደገና ጠምጥሞ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ለማድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሱፐርቫይዘሯ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ኣረጋሽ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ኃይሉ ቀንሷል በል» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቮልቴጁ አልበቃም በላቸው። ማን ያጣራል?»

«ማንም አያጣራም።»

«እና?»

«እሱን የምለው ለደንበኛ ነው።» ወደ ልጆቹ ተመለከተ። «እነዚህ ፍሬውን ስቆጥር አይተውኛል።»

ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ኢህሳን በስድስት ሰዓት ከሩብ መጡ። አቶ ስብሓት ከኋላቸው ነበሩ፤ የክፍሉን ቁልፍ በእጃቸው ይዘዋል። አብዱልወዱድ ኮቱን ቆለፈ።

«አይሠራም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መቁጠሪያውን አይቼ አልቆጠርኩትም።»

«የምን መቁጠሪያ?» አሉ ወይዘሮ ኢህሳን።

ዳናይት ተነስታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሠላሳ ሦስት በሁለት ሥልሳ ስድስት። አርባ አንድ በሁለት ሰማንያ ሁለት። ልዩነቱ አሥራ ስድስት፣ በአራት ጥቅል ሥልሳ አራት ትርፍ ዙር። ቦዩ ለምን እንደጠበበ፣ ሽቦው ለምን እንዳነሰ፣ ሦስቱ ፌዞች እኩል ካልጎተቱ ሞተሩ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አስረዳች። ወይዘሮ ኢህሳን ሦስት ጥያቄ ጠየቁ። ሁለቱን እሷ መለሰች። ሦስተኛውን አንድ የሁለተኛው ቡድን ልጅ መለሰ፤ ተሳሳተ፤ ዳናይት አረመችው።

«አጭበርባሪው የሓፍቶም ሚዛን ሳይሆን የአክስትሽ ጸሎት ነው ማለት ነው» አለ ልጁ። ክፍሉ ሳቀ። ዳናይት በቀርከሃው መታችው።

ወይዘሮ ኢህሳን ግማሽ ሰዓት ቆዩ። «ጥሩ ትምህርት ነው» አሉ። ከዚያ ቅጹን አወጡና ወደ ታች እያነበቡ ሄዱ። «እዚህ ላይ ግን ያለው ሁለት ሳጥን ነው። ይሠራል፣ አይሠራም።»

«ሰኞ ይሠራል» አለ አብዱልወዱድ።

«ቅጹ የዛሬ ነው።»

አይሠራም የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። አቶ ስብሓት ፈረሙ። «ያልኩትን ነው የማደርገው» አሉ፤ ልጆቹም ያልተባለ ነገር አልጠበቁም።

አብዱልወዱድ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ሓፍቶም ጋ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሓፍቶም ይቅርታውን ተቀበለና አዲሱን ሽቦ ሦስት ጊዜ መዘነለት። ቅዳሜ የሦስተኛው ቡድን ልጆች አራቱን ጥቅል ቆርጠው አወጡና በአብዱልወዱድ ሙስበሓ እንደገና ጠመጠሙ። ዳናይት ፍሬ እየገፋች በአፏም ቆጠረች። ሰላም ላላት ሰው ሁሉ በእጇ ቆይ አለች። ጥቅሎቹ ያለ ቀርከሃ ገቡ።

ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ፓምፑ ሳይንቀጠቀጥ ተነሳ፤ ሮቶውን በአርባ ደቂቃ ሞላው። አቶ ስብሓት መጥተው በቧንቧው እጃቸውን ታጠቡ። ጥሩ ነው አሉ። ወንበሮቹ ዓርብ ገብተው ነበር።

ክፍል 14 ዛሬም መጋዘን ነው። የተግባር ትምህርቱ ረቡዕ ከሰዓት አብዱልወዱድ ሱቅ በራፍ ላይ ይሰጣል። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ሱቁ የሚይዘው አራት ሰው ነው።